ሆድ አይፍጀው፦ የልብን ለእግዚአብሔር አውጥቶ የመናገር አሠራር

ጎንደር ውስጥ "እንዴት ከረማችሁ?" ሲባል መልሱ የታወቀ ነው፤ "እግዚአብሔር ይመስገን"። ልጇን የቀበረችውም፣ ከሥራ የተሰናበተውም፣ ከባሏ ጋር ከተኳረፈች ሳምንት የሞላትም ይህንኑ ይላሉ። ለሰላምታ ተገቢ መልስ ነው። ችግሩ ይኸው መልስ እስከ ጸሎት ድረስ ሲከተለን ነው። ሰው በሩን ዘግቶ፣ ነጠላውን አጣፍቶ ከቆመ በኋላም "ስለ ሁሉም ተመስገን" ብሎ ይወጣል፤ ሆዱ ግን እንደነደደ ነው። "በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም" ይባል የለ? ከሐኪም የማንሸሽገውን ከፈጣሪ እንሸሽጋለን።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር የነደደውን ነገር ሳያለዝቡ፣ ከአክብሮትም ሳይወጡ በእግዚአብሔር ፊት እንዴት እንደሚያፈሱት ያሳያል። የተጻፈው በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ለሚጸልዩ ነው፤ አብዛኛው ግን ለማንኛውም ክርስቲያን ይሠራል።

ድፍረት አይሆንም ወይ?

ብዙ ሰው እዚህች ጥያቄ ላይ ስለሚቆም ቀድመን እንመልሳት። ለነፍስ አባታችን "አንቱ" እንላለን፤ ለአማት፣ ለየኔታ፣ ለጎረቤት ሽማግሌም እንደዚያው። እግዚአብሔርን ግን "አንተ" እንለዋለን። ንቀት እንዳልሆነ ማንም ያውቃል፤ ልጅ እናቱን "አንቺ" እንደሚላት ያለ ቅርበት ነው። ጸሎታችን የሚጀምርበት "አቤቱ" የሚለው ጥሪም ከ"አቤት" እና ከ"አቤቱታ" ጋር ዘመድ ነው። በነገሥታቱ ዘመን የተበደለ ሰው ከግቢው በር ቆሞ "ጃንሆይ! አቤት!" እያለ ይጮኽ ነበር። ያ ጩኸት ንጉሡን እንደመዳፈር አይቆጠርም፤ ጯሂው ፍርድ የሚገኘው ከዚህ ነው ብሎ ስላመነ ነው የመጣው።

ልዩነቱን ኦሪት ዘኍልቍ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። እስራኤል በየድንኳናቸው ተቀምጠው በእግዚአብሔር ላይ አጉረመረሙ፤ ተቀጡበት። ሙሴ ደግሞ በምዕራፍ 11 ፊት ለፊት ቀርቦ ለምን አስከፋኸኝ፣ ይህን ሁሉ ሕዝብ የፀነስሁት እኔ ነኝ ወይ፣ እንዲህ ከምታደርገኝ ግደለኝ አለ። እግዚአብሔር አልተቆጣውም፤ ሸክሙን የሚያግዙት 70 ሽማግሌዎች ሰጠው። እንግዲህ ይህን ይያዙ፦ ያዘኑበትን ነገር ለራሱ ለእግዚአብሔር ይንገሩት፤ ከጀርባው አያጉረምርሙ። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የዚህ አሠራር ነው።

ዝግጅት

ጊዜ። 25 ደቂቃ ይበቃል፦ 3 ለመግቢያ፣ 12 ለመናገር፣ 5 ለዝምታ፣ 5 ለመዝጊያ። ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ለዚህ የሚመቹት ሠርክ (11 ሰዓት) እና ንዋም (ከምሽቱ 3 ሰዓት) ናቸው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ልብ ወደ ሥራ ይቸኩላል። መንፈቀ ሌሊትን ለጀማሪ አንመክርም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ድካሙና ሐዘኑ ተቀላቅለው የቱ የቱ እንደሆነ ይጠፋበታል። በሳምንት ሦስት ቀን ይጀምሩ፤ በየቀኑ ሆድን መገልበጥ ያዝላል።

ቦታ። የኪራይ ግቢ ውስጥ የሚኖር ሰው ዋናው ችግሩ ግድግዳው ነው፤ ጎረቤት ሲያስል የሚሰማበት ክፍል ውስጥ ማን ድምፁን አውጥቶ ያለቅሳል? መፍትሔው የሐና ነው። በመጽሐፈ ሳሙኤል እንደተጻፈው ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፣ ድምፅዋ ግን አይሰማም ነበር፤ ካህኑ ዔሊ እንኳ የሰከረች መሰለው። ከንፈርን ማንቀሳቀስ ግድ ነው። በሐሳብ ብቻ የተጀመረ ንግግር ከሁለት ደቂቃ በኋላ ወደ ነገ የገበያ ዋጋ ይሄዳል። ቤት ውስጥ ካልተመቸ ቤተ ክርስቲያን ይሂዱ፤ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ፣ ሰው ሲቀል። እንደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ያለ በግንብ የታጠረ፣ ዛፍ ያለበት ቅጥር ለዚህ ይመቻል፤ ጎብኚ የሚበዛበትን ሰዓት ግን ይለፉት።

ዕቃ። ዳዊት፣ አንድ ወረቀት፣ እስክሪብቶ። ስልኩ ከክፍሉ ውጭ ይደር፤ ድምፁን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ እጅ ይፈልገዋል።

ስለ ዳዊት ቁጥር አንድ ነገር። እዚህ የምንጠቅሰው በግእዙ ዳዊት ነው። በግእዙ 9ኛ መዝሙር የሆነው በሌላው አቆጣጠር 9 እና 10 ተብሎ ስለሚከፈል፣ ከዚያ በኋላ አብዛኛው መዝሙር በአንድ ይለያያል። መዝሙር 12ን ከፍተው "እስከ መቼ ትረሳኛለህ" የሚለውን ካላገኙ 13ን ይመልከቱ።

1. ስሜቱን በስሙ ይጥሩት

ከሥራው ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ የሚዘለለውም ይኸው ነው። ወረቀቱ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፦ "ዛሬ የተሰማኝ ... ነው።" ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚመጣው ቃል "ጨነቀኝ" ነው። እሱን አይቀበሉት፤ "ጨነቀኝ" ጆንያ ነው፣ ውስጡ ብዙ ነገር ይታጨቃል። ይፍቱትና ይዩት። ፈርተው ነው? አፍረው ነው? ተናደው ነው? ወይስ የሆነ ሰው ናፍቆዎት?

አማርኛ እዚህ ላይ ሀብታም ነው፤ ይጠቀሙበት። "ቅር አለኝ" ቀላል ቁስል ነው፤ የጠበቁት ሰው ያልጠበቁትን ሲያደርግ የሚመጣ። "ከፋኝ" ከዚያ ይከብዳል። "ሆድ ባሰኝ" ትንንሽ ነገር ተጠራቅሞ በአንድ ቀን ሲሞላ ነው፤ እንባው የሚመጣው በዛሬው ነገር ቢመስልም ምክንያቱ ግን የሦስት ወር ነው። "ተቀየምኩ" ሰው ያለበት ነው፣ ማንን የሚል ጥያቄ ይከተለዋል። ቂም ደግሞ ቅያሜ ሲያድርና ሲከርም ነው። "ቀናሁ" ለማለት ብዙ ሰው አንደበቱ አይታዘዝለትም፤ ግን የእህትዎ ሠርግ ላይ እልል እያሉ ሆድዎ የጨሰው በዚያ ከሆነ ስሙ ያ ነው።

ቃሉ ካልመጣ ሰውነትዎን ይጠይቁ። አንጀትዎ ከተቃጠለ ለሌላ ሰው ሐዘን ወይም እልህ ሊሆን ይችላል፤ ሆድዎ ከባባ ናፍቆት፣ ጉልበትዎ ከከዳ ፍርሃት፣ አንገትዎ ከተደፋ ኀፍረት፣ ደምዎ ከፈላ ቁጣ። ሁለት ስሜት አብሮ ቢገኝ ሁለቱንም ይጻፉ። አባቱን አራት ዓመት ያስታመመ ሰው ሲቀብራቸው ያዝናልም፣ እፎይም ይላል፤ እፎይ ማለቱን ስለሚያፍርበት ሐዘኑን ብቻ ይናገራል፣ ከዚያ ጸሎቱ ለምን እንደደረቀበት ይገርመዋል።

2. ይግቡ

ያማትቡ፤ ሦስት ጊዜ ይስገዱ፤ አቡነ ዘበሰማያት እና በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል ይድገሙ። ቅዳሜ፣ እሑድ፣ በበዓላት ቀንና በበዓለ ሃምሳ ስግደት የለም፤ ያኔ ቆመው እጅዎን ይዘርጉ። ከዚያ መጽሐፉን ይዝጉ። የለመዱትን ውዳሴ ማርያም ወይም የዕለቱን ዳዊት የሚያደርሱ ከሆነ በሌላ ሰዓት ያድርሱት እንጂ አይተዉት። የሁለቱ ሥራ ይለያያል፤ የተጻፈው ጸሎት አጥር ነው፣ አሁን የሚደረገው አጥሩ ውስጥ የሚፈስ እንባ ነው።

3. በቤት ቋንቋ ይናገሩ

ሰው ሲጸልይ ቋንቋው ይለወጣል፤ "ቸርነትህ የበዛ፣ ምሕረትህ የማያልቅ" እያለ ይቀጥላል፣ የራሱ ነገር ግን አይመጣም። ቅኔ የሚያውቁ ሰምና ወርቅ ለምደዋል፤ ለዚህ ሰዓት ሰሙን ይተዉት፣ ወርቁን ብቻ ያምጡ። ከእህትዎ ጋር ምድጃ ዳር ሲያወጉ በሚናገሩበት አማርኛ ይናገሩ። ልዩነቱን እዩት። የቤት ክርክር ያለበት ሰው እንዲህ ይጸልያል፦

"እግዚአብሔር ሆይ፣ ሁሉን እንደ ፈቃድህ አድርገው። ለወንድሜም ልቦና ስጠው። ስለ ሁሉም ተመስገን።"

ክፋት የለበትም፤ ግን ማን ምን እንደሆነ አይታወቅም። ያው ሰው ወረቀቱን ከጻፈ በኋላ፦

"ጌታዬ፣ ተናድጃለሁ። ወንድሜ የአባታችንን ቤት ሳይነግረኝ ሸጠው። ከሱ ይልቅ ያቃጠለኝ ግን አንተ ዝም ማለትህ ነው። አባቴን ሳገላብጥ፣ ሳጥብ፣ ሌሊት ስነሣ አይተኸኛል። እሱ በዓመት አንዴ ነበር የሚመጣ። ታዲያ የታለ ፍርድህ? ደግሞ ፈርቻለሁ፤ በሰኔ የቤት ኪራይ ከየት እንደማመጣ አላውቅም። ነገ ልቅሶ ቤት እንገናኛለን። ወይ ፍረድልኝ፣ ወይ ይህን እሳት ከሆዴ አውጣው። ለነገ ግን ምላሴን ያዝልኝ።"

ሁለተኛው ጸሎት ውስጥ ያሉትን ነገሮች ይቁጠሩ፦ ጥሪ አለ፣ ስሞታ አለ፣ ማስረጃ አለ፣ ከቁጣው ሥር የነበረው ፍርሃት ወጥቷል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ለነገ የሚሆን ጠባብ ልመና አለ። መዝሙር 12ም የተሠራው እንዲሁ ነው። መጀመሪያ አራት ጊዜ "እስከ መቼ" ይላል፤ ቀጥሎ ተመልከተኝ፣ ስማኝ፣ ዓይኖቼን አብራ ብሎ ይለምናል፤ መጨረሻ ላይ በምሕረትህ ታመንሁ ይላል። ስድስት ቁጥር ነው፤ ለጀማሪ ከሱ የተሻለ አስተማሪ አናውቅም።

የራስዎ ቃል እምቢ ካለ የዳዊትን ይዋሱ። ወዳጅ ሲከዳ 54፤ የክፉ ሰው ኑሮ ሲያስቀና 72፤ ሲፈሩ 55፤ ከቤተ ክርስቲያን ርቀው ወይም ሰው ናፍቀው እንባ ምግብ ሲሆን 41፤ ሲታመሙና አልጋ በእንባ ሲርስ 6፤ በራስ ጥፋት ሲጸጸቱ 50። አንድ ቁጥር ያንብቡና ቆም ብለው የራስዎን ስምና ጉዳይ ያስገቡበት፤ ከዚያ ወደ ሚቀጥለው። ሙሉውን በአንድ ትንፋሽ መድገም እዚህ ላይ አይጠቅምም።

ቃል ጨርሶ ከጠፋ ኪርያላይሶን 41 ጊዜ በመቁጠሪያ ይበሉ። መቃተትም ጸሎት ነው፤ ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 8 የጻፈው ይህንን ነው። ምንም የማይሰማዎት ከሆነም እሱኑ ይናገሩ፦ "ጌታዬ፣ ደንዝዣለሁ፣ ልቤ ድንጋይ ሆኗል።" ይህ የተበላሸ ጸሎት አይደለም፤ እውነተኛ ሪፖርት ነው።

4. ጠበብ አድርገው ይለምኑ

"ሰላም ስጠኝ" ሰፊ ነው። "ነገ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ቢሮ ስገባ እጄ እንዳይንቀጠቀጥ" ይበሉ። ጠባብ ልመና ሁለት ጥቅም አለው፤ ልብዎ ምን እንደሚፈልግ ይገልጣል፣ ሲፈጸምም ያውቁታል። "ፈቃድህ ይሁን" የሚለውን አይተዉት፤ ቦታው ግን ከልመናው በኋላ ነው። ጌታ በጌቴሴማኒ ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ አዘነች አለ፣ ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ አለ፣ ከዚያ ነው የአንተ ፈቃድ ይሁን ያለ። መጀመሪያ ላይ ከመጣ ብዙ ጊዜ መሸሻ ይሆናል፤ እንቢ እንዳይባል የፈራ ሰው ሳይጠይቅ ይቀራል።

ስለት ከተሳሉ ትንሽና የሚፈጸም ይሁን፤ ጃንጥላ፣ ጧፍ፣ ዕጣን። በእንባ መካከል የተሳለ ትልቅ ስለት በኋላ ዕዳ ሆኖ ጸሎቱን ራሱን ያስፈራል። መጽሐፈ መክብብም ተስሎ ካለመክፈል አለመሳል ይሻላል ይላል። በዚያ ሰዓት ስለ ትዳር፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ምንኩስና ውሳኔ አይወስኑ፤ ሦስት ቀን ያሳድሩት።

5. ዝም ይበሉ

5 ደቂቃ። ይቀመጡ፣ መዳፍዎን ጉልበትዎ ላይ ይዘርጉ። ድምፅ መጠበቅ የለብዎትም። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሌላ ስሜት ነው፦ ቁጣው ሲሰክን ከሥሩ ሐዘን ይወጣል። ቢወጣ ወረቀቱ ላይ በአንድ ቃል ያስፍሩት፤ የሚቀጥለው ቀን ርእስ እሱ ነው።

6. ይዝጉ

የሚያምኑትን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይበሉ፤ ያላመኑትን አይጨምሩ። ርኩስ መንፈስ የያዘው ልጅ አባት በማርቆስ 9 "አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው" አለ፤ ይበቃል። ምስጋና ከመጣ ያመስግኑ፤ ካልመጣ አያስገድዱት። መዝሙር 87 ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጨለማ ነው፣ መዝጊያውም ጨለማ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ከዳዊት አላወጣችውም፣ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ከሌሎቹ ጋር ትደግመዋለች። አቡነ ዘበሰማያት ደግመው ያማትቡ።

ከዚያ ፊትዎን ይታጠቡ፣ ጾም ካልሆነ እህል ይቅመሱ፣ ይተኙ። ኤልያስ ከዛፍ ሥር ወድቆ ነፍሴን ውሰድ ሲል መልአኩ ምክር አልሰጠውም፤ እንጎቻና ውኃ አቅርቦ ሁለት ጊዜ አስነሥቶ አበላው፣ አጠጣው። ንግግሩ የመጣው ከ40 ቀን መንገድ በኋላ በኮሬብ ነው።

ለየት ያለ ጥንቃቄ የሚሹ

በሰው ላይ ያለ ቁጣ። የዳዊት የእርግማን መዝሙሮች (108 ለምሳሌ) እዚያ ያሉት ቁጣውን ለዳኛው ለማስረከብ ነው። ያስረከበ ሰው ዱላውን ይጥላል። ስለዚህ ከጸሎት ወጥተው ለጎረቤት "ለታቦት ሰጥቼዋለሁ፣ ያያታል" ብለው ካወሩ አላስረከቡም፤ ታቦቱን ዱላ አደረጉት። ጠንቋይ ቤት መሄድ ደግሞ ፍርዱን ነጥቆ ለሌላ መስጠት ነው። ጥፋቱ የእርስዎም ከሆነ ማቴዎስ 5ን ያስቡ፤ መባዎን ትተው መጀመሪያ ይታረቁ።

ሐዘን። ድንኳኑ ተነቅሎ ለቀስተኛው ሲበተን ነው ቤቱ የሚጮኸው። በሰልስት፣ በሰባት፣ በሠላሳ፣ በአርባ፣ በሰማንያ፣ በሙት ዓመት መታሰቢያ የተሠራልን ሐዘን በሦስት ቀን እንደማያልቅ ስለሚታወቅ ነው። "አታልቅሺ፣ እግዚአብሔርን ታሳዝኛለሽ" የሚላትን ሰው እህታችን አትስማው፤ ጌታ ራሱ በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል። እስከ አርባው ቀን ድረስ በየቀኑ አንድ ነገር ለእግዚአብሔር ይንገሩት፦ ዛሬ ምኑ ናፈቀኝ? ድምፁ፣ በር ላይ የሚያወልቀው ጫማ፣ ቡና ሲፈላ የሚቀመጥበት ዱካ።

ጸጸት። በጸሎት ማልቀስ ንስሐን አይተካም። ከ50ኛው መዝሙር በኋላ የነፍስ አባትዎ ጋ ይሂዱ፤ ዙሪያውን ሳይዞሩ "አባ፣ ይፍቱኝ። እንዲህ አድርጌአለሁ" ይበሏቸው።

የሚበላሸው የት ላይ ነው?

ጸሎቱ ሐሜት ይሆናል። ምልክቱ "እሷ እኮ" የሚለው ከ"እኔ" በላይ ሲበዛ ነው። በሰውየው ላይ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይፍቀዱ፤ አራተኛው "እኔ" ብሎ ይጀምር።

ቁስሉን ማከክ ይሆናል። 12 ደቂቃ አልፎ፣ ያው ቃል እየተመላለሰ፣ ሙቀቱ እየጨመረ ከሄደ እየጸለዩ አይደለም፤ እየተብሰለሰሉ ነው። በመሐል ያቁሙት፣ ይነሡ፣ ወደ ደረጃ 6 ይለፉ። ያንኑ ጸሎት ነገ መድገም ግን ስሕተት የለበትም፤ ጌታም በጌቴሴማኒ ሦስት ጊዜ ያንኑ ቃል ጸልዮአል።

እንባ ግብ ይሆናል። እንባ ሳይመጣ የቀረበት ቀን "አልተሰማሁም" የሚሉ አሉ። የእንባ መጠን አይለካም፤ የሚታየው እውነቱ መነገሩ ነው።

ከቅዳሴ ጋር ይምታታል። ቅዳሴ የጋራ ነው፤ እዚያ ከሕዝቡ ጋር ይመልሱ፣ የራስዎን ስሞታ በራስዎ ሰዓት ያምጡ።

አንድ ነገር ግን በጸሎት ብቻ የሚያዝ አይደለም። እንቅልፍና ምግብ ከሁለት ሳምንት በላይ ከጠፋ፣ ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ፣ ለእግዚአብሔር የነገሩትን በዚያው ቀን ለሰውም ይንገሩ፤ ለነፍስ አባት፣ ለሚያምኑት ዘመድ፣ ለሐኪም። ሌሊትም ቢሆን ብቻዎን አይደሩ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ጸበል የሚጠመቅ ሰው የታዘዘለትን ኪኒን ማቋረጥ የለበትም፤ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

ወረቀቱን ምን ላድርገው?

ሌሎችን የሚነካ ስም ካለበት ያቃጥሉት፤ ቤት ውስጥ የተገኘ ወረቀት አዲስ ጠብ ይወልዳል። ከደረጃ 4 ያለውን ልመና ብቻ ከነቀኑ ወደ ደብተር ይገልብጡ፤ ለምሳሌ "ግንቦት 12፣ ልቅሶ ቤት ምላሴን እንዲይዝልኝ"። በ40ኛው ቀን ይክፈቱት። ከተፈጸመው ጎን "ተመስገን" ይጻፉ። ካልተፈጸመው ጎን ደግሞ "እስከ መቼ" ብለው ጽፈው፣ ያንኑ ዕለት በ11 ሰዓት እንደገና ይዘውት ይቁሙ።